የከበሮ መቺው ድርሻ

ፑዳምኩላም፣ ከሐኪሙ ቤት
ካርኪዳካም 4

ይድረስ ለአሚኒ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ዝናቡስ እንዴት አደረጋችሁ? የበረቱ ጣራ አሁንም የሚያፈስ ከሆነ አቹታንን አስወጪው፤ አንቺ መሰላል ላይ እንዳትወጪ። እኔ አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ። ጨርሶ ደህና ብሆንማ እዚህ ምን አመጣኝ።

«አልጋው ይመቻል ወይ» ላልሽኝ፣ የምተኛበት ደህና ነው። የምታከምበት ግን አልጋ አይደለም፤ ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ ገበታ ነው። ሁለት ጎበዞች በሞቀ ዘይት ከራስ እስከ እግር ያሹኛል፣ እኔም እንደ ዓሣ ወዲያ ወዲህ እንሸራተታለሁ። ቀጥሎ ከተንጠለጠለ ማሰሮ ውስጥ መድኃኒት የገባበት አሬራ በቀጭኑ ግንባሬ ላይ ይወርዳል። ለደም ግፊቱ ነው። የመጀመሪያው ቀን ሳቄ መጣ። አሁን ግን ገና ጠብ ማለት ሲጀምር ዓይኔ ይከደናል፤ ቀን መተኛት ደግሞ ክልክል ስለሆነ ጆሮዬን ይቆነጥጡኛል።

የምግቡን ነገር አታንሺው። ጠዋት ጎምዛዛ የፍሬ ጭማቂ ከእርድ ጋር፣ እሱ ለስኳሩ ነው። ከዚያ አብሽና ቅጠላ ቅጠል የገባበት የሩዝ አጥሚት ያለ ጨው። ምሳ መራራ ቅልና ማሾ። ጣፋጭ የሚባል ነገር በደጃፍ አያልፍም። ቁጣም ክልክል ነው፤ ከባድ ወሬም ወደ ታካሚ አይገባም። ሐኪሙን፣ ቫይድያን ኒላካንታንን፣ መቼም ታውቂያቸዋለሽ፣ ቃል ሲያወጡ ከኪሳቸው የሚያወጡ ነው የሚመስላቸው። የከተማውን ሐኪም ክኒን ላቁም ወይ ብዬ ብጠይቃቸው «የኔ ሥራሥር ከሱ ክኒን ጋር ጠብ የለውም፤ ጠቡ ካንተ አፍ ጋር ነው፤ እሱንም ዋጥ» አሉኝ። ገበታውን በጣቴ ስመታ ደግሞ ያዙኝ። «እጅህም ይጹም። ይሄ ወር ለሆድህ ብቻ የመጣ መሰለህ?» አሉኝ። ከበሮ ክልክል ሆነ ማለት ነው።

የእግሬ ቁስል እንደነበረ ነው። የከተማው ሐኪም ያለውን አንቺም ሰምተሻል፤ ይህ የዝናብ ወር ካርኪዳካም እስኪያልቅ ስኳሩ ካልወረደ የግራ እግሬ አውራ ጣት ይቆረጣል። አውራ ጣት የሌለው ሰው ከበሮ በትከሻው አንጠልጥሎ ያን ሁሉ ሰዓት አይቆምም። ስለዚህ መራራውን ሁሉ ዓይኔን ጨፍኜ እውጣለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ጠይቂልኝ። የመቅደሱ ኮሚቴ ለዘንድሮው በዓል ተሰብስቦ ነበር ወይ? መሃል ላይ ቆሞ ከበሮውን የሚመራው ማነው አሉ? እኔ እንደሆንኩ አውቃለሁ። ግን ጠይቂ።

ሴካራን


ማንጋታ
ካርኪዳካም 9

ለሱሚትራ አባት፣

ጤናዎ እንዴት ነው? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። የበረቱ ጣራ ተሠርቷል፤ መሰላሉ ላይ የወጣሁት እኔ ነኝ፣ አልወደቅኩም፣ አሁን መቆጣት ስለተከለከሉ ነው የምነግርዎት።

በኋላ በላኩት ካርድ «ላሟ ትታለባለች ወይ» ላሉኝ፣ ትታለባለች። «ሱሚትራ ጻፈች ወይ» ላሉኝ፣ ጽፋለች፤ ባሏ ወደ ኮይምባቶር ተዛውሯል፣ ልጁም ጥርስ አውጥቷል። የልጅ ልጅዎ ጥርስ ሲያወጣ እርስዎ በአጥሚት እየኖሩ ነው ብዬ ጻፍኩላት። ትስቃለች መሰለኝ።

የእህትዎ ልጅ አቹታን ጠዋት ጠዋት መቅደስ እየሄደ በእርስዎ ቦታ ይመታል። ድርሻዎን በሙዝ ቅጠል ጠቅልሎ ያመጣልኛል፤ ሩዙንም፣ ጣፋጩን ፓያሳምም። ያው እርስዎ የሚያውቁት ነው፤ በጥቁር ስኳርና በቅቤ የራሰ። «አንተ ብላው እንጂ፣ ያገለገልከው አንተ» ብለው አንገቱን ደፍቶ «የአጎቴ ድርሻ ነው» ይለኛል። አርባ ዓመት ያለፈው ሰው እርስዎን ሲያነሳ አሁንም ትንሽ ልጅ ያደርገዋል። እኔም ለጎረቤት ልጆች አከፋፍለዋለሁ፤ ተሰልፈው መጠበቅ ጀምረዋል።

ስለ ኮሚቴው የጠየቁኝን በተመለከተ፣ ያው ዝናብ ነው፤ በዚህ ዝናብ ማን ይሰበሰባል። እርስዎ አሁን አሬራዎን ያስወርዱ።

ጣትዎን በተለይ ይጻፉልኝ። ከቁስሉ የሚወጣው ፈሳሽ ቀነሰ ወይ? ስኳርዎን መቼ ነው የሚያዩት? ምግብ እንዳይሰርቁብኝ። እኔ እርስዎን ስለማውቅ ነው።

አሚኒ


ፑዳምኩላም
ካርኪዳካም 15

ለአሚኒ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ስለ መሰላሉ ሌላ ጊዜ እንነጋገራለን።

በደስታው ልጀምር። የደም ግፊቴ ወርዷል። ቫይድያኑ ራሳቸው ክንዴ ላይ ያሰሩትን መለኪያ ፈትተው «አሁን ሰው መሰልክ» አሉኝ። ራሴን ይወጋኝ የነበረው ነገር ጠፍቷል፣ እንቅልፌም ደህና ነው።

ስኳሩ ግን ወይ ፍንክች። የመድኃኒት ቤቱ ሰው መጥቶ ሽንቴን በሰማያዊው ፈሳሽ አፈላው። ሰማያዊ እንደሆነ ቢቀር ስኳር የለበትም ማለት ነበር፤ የጡብ ቀለም ይዞ ወጣ። በሚቀጥለውም ሲያዩት ያው ጡብ። ቫይድያኑ መድኃኒቱን ቀየሩ፤ ወጥ ቤቷን ጠርተው «ድስቱ ውስጥ የምትጨምሪው ነገር አለ?» ብለው ጠየቋት፤ ሴትዮዋም ተቀይማ ሁለት ቀን አላናገረችኝም። ምን አጠፋሁ! ክፍል የሚጋራኝ ኮያ የሚባል ጡረታ የወጣ ባቡር ነጂ አለ፤ የሱ ስኳር ወርዶለታል፣ ስለዚህ ያሾፍብኛል። «ሰውዬ፣ ይሄ ሽንት ያንተ አይደለም፣ የሠርግ ቤት ሽንት ነው» ይለኛል።

ምግብ ሰርቀው ነው ወይ ለምትይኝ፣ በአባቴ ከበሮ እምልልሻለሁ፣ አልሰረቅኩም። ጠዋት ስነሳ ታጥቤ ከሐኪሙ ቤት ጀርባ ያለችው ትንሿ መቅደስ እሄዳለሁ፤ አምላክ የሰጠኝን ተቀብዬ እመለሳለሁ፤ ከዚያ እስከ ጭማቂው ድረስ ውሃ እንኳ ባፌ አይዞርም። ሙዝ አላየሁም። ሻይ ምን እንደሚመስል ረስቻለሁ። ይህን ሁሉ አድርጌ ጣቴ አሁንም ፈሳሽ ያወጣል። አሚኒ፣ ፈርቻለሁ። ለኮያ አልነገርኩትም፣ ለአንቺ ግን እነግርሻለሁ።

ስለ ኮሚቴው የጻፍሽልኝን አልወደድኩትም። «በዝናብ ማን ይሰበሰባል» ትይኛለሽ? እነዚያ ሰዎች የተጠበሰ ሙዝና ሻይ ካለ በጎርፍም ዋኝተው ይሰበሰባሉ። እውነቱን ጻፊልኝ።

ሴካራን


ማንጋታ
ካርኪዳካም 18

ለሱሚትራ አባት፣

ግፊትዎ መውረዱን ስሰማ መብራት አበራሁ። ከልቤ ደስ ብሎኛል።

አሁን ደግሞ ልጠይቅዎት። «አምላክ የሰጠኝን ተቀብዬ እመለሳለሁ» ብለው ጽፈዋል። ምን ነበር የሰጠዎት? በቅጠል ላይ ነበር? ትኩስ ነበር? በቅቤ ያብለጨልጭ ነበር?

የሱሚትራ አባት፣ እርስዎ ፓያሳምን ከምግብ እንደማይቆጥሩት አውቃለሁ። በተጋባን በመጀመሪያው ዓመት ከመቅደስ መጥተው «ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም» ሲሉኝ ሮጬ ምግብ አቀረብኩ፤ ጢምዎ ላይ ግን የስኳሩ ሽሮፕ ነበር። ውሸት አልነበረም። እርስዎ ከአምላክ እጅ የተቀበሉት ነገር ሆድ ውስጥ የሚገባ አይመስልዎትም። እኔም ያኔ ዝም አልኩ። አሁን ግን ዝም አልልም። አምላክ ይባርከው ይሆናል እንጂ ስኳሩን ከውስጡ አያወጣም።

ሌላም ያልገባኝ ነገር አለ። ሊሳለም ለሄደ ሰው ሁሉ የሚሰጠው በጣት ጫፍ ነው፤ ያን ያህል ደግሞ ሽንትን ጡብ አያስመስልም። ቅጠል ሙሉ የሚሰጠው ለአገልጋይ ነው። ታዲያ እርስዎ እዚያ መቅደስ ምን አገልግሎት ገቡ? እጅዎ እየጾመ ነው የተባልነው እኛ ነን እንዴ የተሳሳትነው?

ለቫይድያኑ መጻፍ እችል ነበር። አልጻፍኩም። በዚህ ዕድሜዎ ሚስትዎ አሳብቃብዎት በሰው ፊት እንዲያፍሩ አልፈልግም። ግን ራስዎ ይንገሩዋቸው፣ ዛሬውኑ። ያች ወጥ ቤትም ምስኪን ናት፣ ይቅርታ ይጠይቋት።

የተቆጣሁ ከመሰለዎት ተቆጥቻለሁ። እኔ ክልከላ የለብኝም።

አሚኒ


ፑዳምኩላም
ካርኪዳካም 24

ለአሚኒ፣

መልሴን ያዘገየው ፖስታ ቤቱ አይደለም። ደብዳቤሽ በደረሰኝ ቀን አንድ መልስ ጽፌ ነበር። ኮያ ፊቴን አይቶ «ምን ጻፍክ?» አለኝ። አነበብኩለት። ከእጄ ወስዶ ቀደደው። «ይሄን ከላክህ ግፊትህ ፖስታው ውስጥ ይፈነዳል። ደግሞ ሴትዮዋ ልክ ናት» አለኝ። አንድ ቀን ሙሉ አኮረፍኩት። የባቡር ሰው ስለሆነ መጠበቅ ያውቅበታል።

ልክ ነሽ። በሁለቱም ልክ ነሽ። እንደመጣሁ ጠዋት ልሳለም ስሄድ ካህኑ ብቻውን በአንድ እጁ ደወል እያቃጨለ፣ በሌላው መብራት እያዞረ አየሁት። ከበሮ መቺያቸው እሱም ለዝናቡ ወር ዘይት ሊቀባ ሌላ አገር ሄዷል። ከበሮው ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። አሚኒ፣ የመቅደስ በር ያለ ከበሮ ሲከፈት መስማት አልቻልኩም። ሳላስበው አውርጄዋለሁ። ካህኑም የአገልጋይ ድርሻ በቅጠል ሰጠኝ። እንዴት ብዬ እምቢ እላለሁ? አባቴ የበላው ነው፣ የአባቴ አጎት የበላው ነው። ምግብ አይደለም። እንዲህ ነበር የማስበው።

ለቫይድያኑ ነገርኳቸው። ከዚያ «ቅጠሉ ምን ያህል ነበር?» አሉ።

«የመዳፍ ያህል» አልኩ።

«የማን መዳፍ?»

መዳፌን ዘረጋሁ። የከበሮ መቺ መዳፍ መቼም ታውቂዋለሽ። ሽማግሌው ሳቁ፤ ሲስቁ ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነው። ሳቃቸውን ሲጨርሱ ግን «ለአምላክ ብለህ በላህ። ጣትህ ሲቆረጥስ ለማን ብዬ ነው ልትል ነው?» አሉኝ።

ፍርዳቸውን ስሚ። ከበሮውን መምታት ፈቀዱልኝ። «እጅህ ሳይጾም ግፊትህ ወረደ፤ ስለዚህ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ ይህ እጅ ሲቦዝን ነው የሚታመመው» አሉ። ድርሻውን ግን ተቀብዬ፣ ዓይኔን አስነክቼ፣ ለሌላ ሰው እሰጣለሁ። ግቢ ለምትጠርገው ሴት የሰጠኋት ቀን ቅጠሉን ሁለቴ ወደ ራሴ መለስኩት። አባቴ እያየኝ በሩን የዘጋሁበት መሰለኝ። ወደ ክፍሌ ስመለስ አለቀስኩ፤ ኮያ ግድግዳውን እያየ ስለ ባቡር ያወራኝ ነበር።

ወጥ ቤቷን ይቅርታ ጠይቄያለሁ። አጥሚቱን አሁን ሞልታ ነው የምትቀዳልኝ፤ ይቅርታ ይሁን በቀል አልገባኝም።

ሽንቴ ትናንት አረንጓዴ ሆነ። ወደ ሰማያዊ መንገድ ላይ ነው።

ሴካራን


ማንጋታ
ካርኪዳካም 30

ለሱሚትራ አባት፣

«ይቅር ብለሽኛል ወይ» ብለው በፖስታ ካርድ ላይ መጠየቅዎ አሳፍሮኛል፤ ፖስተኛው አንብቦት ነው ያመጣልኝ፣ ፈገግታው አልጠፋም። አዎ ብያለሁ። አሁን ደግሞ ይቅርታ የምጠይቀው እኔ ነኝ።

ኮሚቴው ተሰብስቧል። እርስዎ እንደሄዱ ወዲያው ነው የተሰበሰቡት። ከዚያ ቤት መጡ፤ እኔም የተጠበሰ ሙዝ አቀረብኩላቸው። ነገሩን በአክብሮት ነው ያነሱት፣ አልዋሽም። «ሴካራን መሃል ላይ ቢወድቅ አምላክም ይቅር አይለንም። ዘንድሮ አቹታን ይምራው ወይ? እኛ አንወስንም፤ የእናንተ ቤት ቦታ ነው፣ ቤቱ ይወስን» አሉ። «መልሱ የኔ አይደለም፣ ባለቤቱ ግንባራቸው ላይ አሬራ እየወረደ ነው፣ ጠብቁ» አልኳቸው። እየጠበቁ ነው።

ያልጻፍኩልዎት ቫይድያኑ ከባድ ወሬ እንዳይደርስዎ ስላሉ ነው። ይህ ለእርስዎ ምን ያህል እንደሚከብድ ደግሞ ከማንም በላይ አውቃለሁ። አሁን ግፊቱ ወርዶ ከጸና፣ ነገሩንም ከሌላ ሰው አፍ ከሚሰሙት ከኔ ቢሰሙት ይሻላል አልኩ።

አቹታን ያውቃል። ካወቀ ጀምሮ ቤት አይገባም፤ ቅጠሉን በረንዳ ላይ አስቀምጦ፣ ተጣርቶ ይሄዳል። ትናንት ይዤው «ምን ሆነሃል?» ብለው «አክስቴ፣ አጎቴ እኔ የጠየቅኩ ይመስላቸዋል» አለኝና ዓይኑ እንባ አቀረረ።

የኔን ሐሳብ ከጠየቁኝ መልሱ የእርስዎ ነው እላለሁ። ግን አንድ ነገር ልንገርዎት፤ ነግሬዎት አላውቅም። በበዓል ቀን ሴቱ ሁሉ እጅዎን ያያል። እጁን አየሽው፣ እጁን አየሽው ይሉኛል። እኔ የማየው የአንገትዎን የደም ሥር ነው። ከበሮው እየፈጠነ ሲሄድ ያ ሥር ሲነሳ እኔ መተንፈስ አቆማለሁ። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በዓሉ ሲቃረብ እኔ እህል አይወርድልኝም።

አሚኒ


ፑዳምኩላም
ቺንጋም 3

ለአሚኒ፣

እንኳን ከዝናቡ ወር አወጣሽ። እዚህ ፀሐይ ወጥቷል፣ የአጥሩም አበባ ፈክቷል።

ይህን ደብዳቤ ከማንበብሽ በፊት ተቀመጪ፤ ክፉ ወሬ አይደለም። ሽንቴ ሰማያዊ ሆኖ ቀረ። ኮያ ጠርሙሱን ይዞ ግቢውን ዞረ፣ ሰው ሁሉ አየው። ትናንት ደግሞ የከተማው ሐኪም ዘንድ ወሰዱኝ። ጣቱን ተጫነ፣ አሸተተ፣ «ይህ አይቆረጥም፤ ይድናል» አለኝ። ክኒኑንም አጥሚቱንም እንዳትተው አለ። ቫይድያኑ ይህን ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሕክምናው የወሰደውን ያህል ጊዜ አርፌ፣ አፌን ከጠበቅኩ፣ ለበዓሉ ከበሮ ማንሳት እንደምችል ነገሩኝ። ስለዚህ ቀጥሎ ያለውን የምጽፈው የከለከለኝ ሰው ስላለ አይደለም። ይህን ለኮሚቴው አስረግጠሽ ንገሪልኝ።

ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ተቆጣሁ። አልደብቅሽም። ኮያን «ለመቆጣት ተፈቅዶልኛል?» አልኩት፣ «ለአንድ ሰዓት» አለኝ። ሰዓቱ ሲያልቅ አንገቴን ዳሰስኩ። ያን ሥር ፈለግኩት። ሠላሳ ዓመት መሃል ላይ ስቆም የምታይው እጄን ይመስለኝ ነበር።

ደግሞም እኔን ታውቂኛለሽ። መሃል የቆመ ሰው በየመንደሩ ይጠራል፤ በየመቅደሱ ቅጠል ይዘረጋለታል፤ «መሪው ካልበላ ማን ይበላል» ይሉታል። እዚህ አንዱን ቅጠል እንኳ ሁለቴ ወደ ራሴ መልሼ ነው የሰጠሁት። በዓመት ያን ሁሉ ቅጠል እሰጣለሁ ብል ውሸቴን ነው። ቦታውን ይዤ ድርሻውን መተው አልችልም። ሁለቱንም አብሬ ልተው።

ቦታው የአቹታን ነው። ለዘንድሮ ብቻ አይደለም። አንድ ችግሩን ግን ልንገርሽ፤ ሕዝቡ እጁን አንስቶ መጮህ ሲጀምር ይቸኩላል። ሦስተኛው ዙር ላይ ሁልጊዜ ይቸኩላል። ስለዚህ እኔ ከኋላው ረድፍ እቆማለሁ፤ የነሐስ ጸናጽል እይዛለሁ። ጸናጽል ቀላል ነው፣ ትከሻ አያጎብጥም፣ ዝቅ ብሎ የምቱን ልክ የሚጠብቅ ሰው ይፈልጋል። ሲቸኩል ጸናጽሌን ከጀርባው ይሰማል። ሰዎች ይስቁ ይሆናል፣ ይሳቁ።

ድርሻውን ለኔ በቅጠል መጠቅለሉን ያቁም። ራሱ ይብላው። አጎትህ አዟል በይው።

ሴካራን


ማንጋታ
ቺንጋም 7

ለሱሚትራ አባት፣

ደብዳቤዎን በረንዳው ላይ ቁጭ ብዬ ነው ያነበብኩት። ጣትዎ ላይ ስደርስ ጮክ ብዬ አምላክን ጠራሁ፤ ጎረቤቶች መጡ። የቀረውን ብቻዬን አነበብኩ።

ለኮሚቴው ቃልዎን እንዳለ ነግሬያለሁ፤ የከለከለው ሰው እንደሌለም ጨምሬ። ሽማግሌው ሰብሳቢ ጽዋቸውን አስቀመጡ። ሙዙን እንኳ አልነኩትም።

አቹታንን አስጠርቼ አነበብኩለት። «ከኋላዬ እሳቸው ከቆሙ እጄ ይንቀጠቀጣል» አለ። «የእሳቸውም በየዓመቱ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ጠዋት ልብሳቸውን የማለብሳቸው እኔ ነበርኩ፣ አውቃለሁ» አልኩት። ይህን ስለነገርኩብዎ ይቅር ይበሉኝ፤ እሱ ግን ቀና ብሎ አየኝ።

ዛሬ ጠዋት ከመቅደስ ሲመለስ በረንዳው ላይ አልቆመም። ቅጠሉን ይዞ ቤት ገባ፣ ፊቴ ቁጭ አለና ፈትቶ በላው። እያፈረ ጀመረ፣ በኋላ ግን ጣቱን እየላሰ ጨረሰው። ውሃ ሰጠሁት። እሱ ሲሄድ ማጀት ገብቼ አለቀስኩ። ሐዘን እንዳይመስልዎት። ስንት ዓመት በዓሉ ባልመጣ እያልኩ ስጸልይ ኖሬ፣ ዘንድሮ መቼ በደረሰ እያልኩ ቸኩያለሁ።

አሚኒ